የፊት ጎማዬ አልቋል፣ የቱን ልግዛ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ የሞተር ዓምድ

ክረምቱ ደጃፍ ላይ ስለሆነ መሰለኝ በዚህ ዙር የደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ጎማ ናቸው፣ በተለይ ስለ ፊት ጎማ። የመጀመሪያውን ሰፋ አርጌ እመልሰዋለሁ፣ የሌሎቻችሁም ጥያቄ ግማሹ እዛ ውስጥ አለ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ እንዴት ከረሙ። እኔ ሐይቅ ነው ምኖረው፣ ሞተሬ የቻይና 125 ናት፣ ከሐይቅ ደሴ፣ ከደሴ ደሞ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ድረስ እቃ አመላልሳለሁ። የፊት ጎማዬ መሃሉ ልሙጥ ሆኗል፣ ጎኑ ላይ 2.75-18 ይላል። ደሴ ሱቅ ስጠይቅ አንዱ የክሮስ ጎማ ግጠም ምንም አያንሸራትትህም አለኝ፣ ሌላው 3.00-18 ወፈር ያለውን አስገባ አለኝ፣ ጓደኛዬ ደሞ አዲሱን ለኋላ ግዛና የኋላውን ወደ ፊት አዙረው ገና ይሰራል ባይ ነው። ከነካላማዳሪው ብዙ ብር ስለሆነ ሁለቴ መግዛት አልችልም። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። ከሦስቱ ምክር መጀመሪያ የጓደኛህን ላንሳው፣ እሱ ነው አደገኛው። ያለቀ የኋላ ጎማ ወደ ፊት አይዞርም፣ በቃ። እኛ አገር ብዙ ሰው እንዲህ ነው ሚያደርገው፣ የኋላው ቶሎ ስለሚያልቅ አዲስ በተገዛ ቁጥር ለኋላ ይሰጥና የፊቱን በተገኘው ያስኬደዋል፣ ግን ሞተር ላይ ሚያዞርህም ሚያቆምህም የፊቱ ነው። ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ በሙሉ ወደ ፊት ይመጣል፣ ከማቆም አቅምህ 70 በመቶ ገደማ ወይ ከዛ በላይ ከፊት ነው ሚገኘው፣ ሐረጎን ስትወርድ ደሞ ቁልቁለቱ ራሱ ይገፋሃል፣ የጫንከው እቃ ይገፋሃል፣ እና ያንን ሁሉ የሚሸከመው መሬቱን የነካው ከመዳፍህ ያነሰ ጎማ ነው። የኋላው ቢንሸራተት ኋላዋ ዋለል ትልብህና በእግርህም በመሪህም ልታድናት ትችላለህ። የፊቱ ከሸሸ ግን ማሰቢያ ጊዜ የለም፣ ያወቅከው ወድቀህ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። የኋላ ጎማ ሲያልቅ መሃሉ ይጠፈጠፋል። አሁን ሂድና በእጅህ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ዳብሰው፣ ክብነቱ ጠፍቶ መሃሉ ሜዳ ሆኖ ጎንና ጎኑ ላይ ማዕዘን ይዳሰስሃል። ይሄ ፊት ላይ ሲገባ ኩርባ ላይ ስታዘነብላት መጀመሪያ እምቢ ትላለች፣ ማዕዘኑን ስታልፍ ደሞ ባንዴ ወደ ውስጥ ትወድቃለች። ሐረጎ ላይ ከፊትህ ከባድ መኪና እየመጣ እንዲህ አይነት መሪ እንዲኖርህ አትፈልግም። ስለዚ ብሩ ለአንድ ጎማ ብቻ ከበቃ፣ ሁለቱም እኩል ካለቁ፣ ቅድሚያ ለፊቱ ስጥ፣ ከዛ ለኋላው ቶሎ ብለህ አጠራቅም።

ክሮሱን የመከረህ ሰው ክፉ አስቦ አይደለም፣ ጥርሱ ትልቅ ስለሆነ ይይዛል ብሎ ነው፣ ጭቃና ልል አፈር ላይ እውነቱን ነው፣ ጥርሱ አፈሩ ውስጥ ገብቶ ይቆነጥጣል። አስፋልት ውስጥ ግን ጥርስ አይገባም። አስፋልት ላይ የሚይዝህ ጎማው በሰፊው ሲነካ ነው፣ ክሮስ ጎማ ደሞ ሚነካው በጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ነው፣ መሃል መሃሉ ባዶ ነው። በርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ስትይዝ ረዥም መንገድ ይወስድብሃል፣ ኩርባ ላይ ደሞ ጥርሶቹ ወደ ጎን እየታጠፉ ሞተሯ የምትንሳፈፍ ይመስልሃል፣ አስፋልት ላይ ስለሚፈጭም እድሜው አጭር ነው። አንተ ደሞ ከሐይቅ እስከ ኮምቦልቻ አስፋልት ላይ ነህ። ክሮስ ላንተ አይሆንም።

3.00-18ቱ መሃል ላይ ያለ ነገር ነው። ቸርኬው ያው 18 ስለሆነ ይገባል፣ ብዙ ጊዜም ያለ ችግር ይሽከረከራል፣ ግን ወፍራም ብቻ ሳይሆን ከፍ ያለም ስለሆነ ፓራፋንጎውን ወይ የአሞርዛተሩን ውስጠኛ ጎን ሊነካ ይችላል፣ በተለይ ጭቃ ሲይዝ። በሁሉም በኩል ጣት ሚያስገባ ክፍተት ከሌለ አትግጠመው። መሪዋም ትንሽ ይከብድሃል። ፋብሪካው ለፊት ቀጠን ያለ የመረጠው ወጪ ለመቆጠብ ብቻ አይደለም፣ ቀጭን ጎማ መሪውን ቀላል ያደርጋል፣ ውሃም ቶሎ ይሰነጥቃል። ስለዚ ባለህበት ቆይ፣ 2.75-18 ግዛ። ስትጠይቅ ደሞ ሌላ ቁጥር እየሰጡ ያው ነው ሚሉህ አሉ፣ 17 እና 18 ግን በምንም ተአምር አንድ አይደሉም፣ የመጨረሻው ቁጥር የቸርኬው ልክ ነው፣ በኢንች፣ እሱ ላይ ድርድር የለም። 90/90-18 የሚል ካየህ እሱ ከ3.00-18 ጋር ሚቀራረብ ነው፣ 90 ሚሊ ሜትር ወርድ ሆኖ ቁመቱ የወርዱ 90 በመቶ ማለት ነው።

አሁን የትኛው 2.75-18 ነው ጥያቄው። ዙሪያውን ቀጥ ብለው ሚዞሩ ቦዮች ያሉት፣ ከጎን ደሞ አነስ አነስ ያሉ ስንጥቆች ያሉበትን ፈልግ፣ ፊት ተብሎ የተሰራ ነው። ቀጥ ያለው ቦይ መሪውን ወደ ጎን አያስኬድብህም፣ ውሃውንም ያስወጣል። አልፎ አልፎ ወደ ገጠር ወጣ እያልክ ፒስታ ምትገባ ከሆነ ደሞ ሴሚ ሚሉት አለ፣ ጥርሱ ቀራረብ ያለ፣ እሱም አያሳፍርህም፣ ዝናብ ላይ ግን ከመጀመሪያው ትንሽ ያንሳል።

ከልኩ ቀጥሎ ያለችውን ቁጥርና ፊደል እያት። 42ፒ የሚል ካለ 42 የሚሸከመው ክብደት ኮድ ነው፣ 150 ኪሎ፣ ፒ ደሞ እስከ 150 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ሞተርህ ስትመጣ ከነበረው ቁጥር ማነስ የለበትም፣ በተለይ አንተ ጭነት ስለምትጭን። ቲቲ ካለ በካላማዳሪ የሚሰራ ነው፣ ቲኤል ካለ ያለ ካላማዳሪ የተሰራ። ያንተ ቸርኬ የሽቦ ከሆነ፣ እርግጠኛ ነኝ ነው፣ አየሩ በሽቦዎቹ ቀዳዳ ስለሚወጣ ካላማዳሪ የግድ ነው።

ሱቁ ውስጥ ጥፍርህን ጎማው ላይ ጫን አርገው። በትንሹ ሰርጎድ ብሎ የሚመለስ ጎማ ዝናብ ላይ ይይዛል። እንደ ድንጋይ የደረቀ ከሆነ ለረዥም ኪሎ ሜትር ያገለግልህ ይሆናል፣ ሻጩም ይሄን ነው ሚነግርህ፣ አይበላም ይልሃል፣ የማይበላ ጎማ ግን ብዙ ጊዜ የማይይዝ ጎማ ነው። ለኋላ ብታደርገው ግድ የለኝም። ለፊት ግን ለስለስ ያለውን ውሰድ፣ የፊት ጎማ ከኋላው ቀስ ብሎ ስለሚያልቅ ብዙም አትጎዳም።

ከመግጠምህ በፊት አሮጌው ለምን እንዳለቀ እይ። ያንተ መሃሉ ብቻ ከሆነ ያለቀው ጤነኛ ነው፣ ምናልባት ንፋስ አብዝተህ ይሆናል። ጎንና ጎኑ ሞገድ ሞገድ ከሆነ፣ አንዱ ጥርስ ከፍ ሌላው ዝቅ ብሎ ከተበላ፣ አሞርዛተሩ ደክሟል ወይ ንፋስ አንሶ ሲነዳ ነበር፣ እሱን ሳታስተካክል አዲስ ብትገጥም አዲሱንም እንዲሁ ይበላዋል። የፊት እግሯን ከመሬት አንስተህ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ወዝወዘው፣ ቋ ቋ ካለ ኩሽኔታ ነው፣ አብረህ ቀይር፣ ጎማው ለመቀየር እስከወጣ ድረስ ብዙ ስራ አይጠይቅም።

ጎሚስታው ጋ ቁጭ ብለህ አትጠብቅ፣ አጠገቡ ቁም። ጎማው ጎን ላይ ቀስት አለ፣ ወደ ፊት ስትሄድ የምትዞርበትን አቅጣጫ ነው ሚያሳየው፣ አንዳንዱ ላይ ሁለት ቀስት አለ፣ ለፊት ሲሆን ወደዚህ ለኋላ ሲሆን ወደዚያ ይላል፣ ምክንያቱም የፊቱ ዋና ስራው ማቆም ነው የኋላው መግፋት፣ ኃይሉ ሚመጣበት አቅጣጫ ተቃራኒ ነው። አሮጌ ካላማዳሪ አዲስ ጎማ ውስጥ እንዲከት አትፍቀድለት፣ የለጠጠ ካላማዳሪ ውስጥ ይታጠፍና እጥፉ ላይ ይቀደዳል። ጎማው እንዲገባለት የሳሙና ውሃ ይጠቀም፣ ናፍጣና ግራሶ ላስቲክ ይበላል፣ ፍሬኑም ውስጥ ከገባ ጉድ ነው። ከተነፋ በኋላ ከቸርኬው ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብላ ዙሪያውን የምትሄድ ቀጭን መስመር ጎማው ላይ አለች፣ አሽከርክረህ እያት፣ በሁሉም ቦታ ከቸርኬው እኩል መራቅ አለባት፣ አንድ ቦታ ገባ ካለች ጎማው አልተቀመጠም፣ ይተንፍስና እንደገና ይነፋ። ቫልቩም ቀጥ ብሎ ወደ መሃል ማየት አለበት። ከሳምንታት በኋላ ዘንበል ብሎ ካየኸው ጎማው ቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ካላማዳሪውን ይጎትታል ማለት ነው፣ ንፋስ አንሶታል፣ ቶሎ አስተካክለው አለዚያ ከስሩ ይበጠሳል።

ንፋሱን እስኪጠነክር ንፋው አትበል። የብዙ ትናንሽ ሞተሮች የፊት ጎማ ከ25 እስከ 28 ፒኤስአይ ነው፣ ያንተ ልክ ሰንሰለት መሸፈኛው አካባቢ ወይ መመሪያው ላይ ተጽፏል፣ ጠዋት ሳትነዳ ጎማው ቀዝቅዞ እያለ ነው ሚለካው። ድርቅ ብሎ የተነፋ የፊት ጎማ ኮብልስቶን ላይ እየዘለለ ነው ሚሄደው፣ ሲዘል ደሞ አይዝም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። አዲስ ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ ያንሸራትታል፣ የመጀመሪያውን 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀስ ብለህ ንዳ፣ ድንገተኛ ፍሬንና ጥልቅ ማዘንበል ይቅር። ደሴ ገጥመህ በዛው ሐረጎን በጉም ውስጥ አትውረድ። ስትወርድም፣ ዛሬም ነገም፣ ነዳጅ ልቆጥብ ብለህ ኒውትራል አታርጋት፣ እሱን ልማድ ብዙ ልጆች አላቸው፣ ልብ ይሰብራል። ማርሽ ውስጥ ስትሆን ሞተሯ ራሷ ትይዝሃለች፣ የፊት ጎማህም ሙሉ ሸክሙን ብቻውን አይሸከምም። ከሁሉ የሚያሰጋው ደሞ የመጀመሪያው ዝናብ ነው፣ ሳምንታት የተጠራቀመው ናፍጣና ዘይት ከአቧራው ጋር ተቦክቶ አስፋልቱ ላይ ይንሳፈፋል፣ ያኔ የትኛውም ጎማ ያንሸራትታል፣ ዝናቡ አጥቦ እስኪወስደው ትንሽ ጥላ ስር ቁም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ደላንታ የግብርና ባለሙያ ነኝ፣ መስሪያ ቤት የሰጠኝ ሞተር የፊት ጎማው ትልቁ 21 ነው። ከወገል ጤና ወደ ቀበሌዎቹ ስሄድ ክረምት ላይ ዋልካው እግር አያስነሳም። ግዢ ክፍል ጎማ ሊገዛ ነው፣ ባለፈው ዝም ብለን የሞተር ጎማ ብለን ጽፈን የማይሆን ነው የመጣው። ምን ተብሎ ይጻፍ?

መልስ፦ እህቴ፣ ያንቺ መንገድ ከላይኛው ልጅ ጋር ተቃራኒ ነው፣ ለሱ ይቅር ያልኩት ክሮስ ላንቺ ነው ሚሆነው። በመጀመሪያ አሁን ያለውን ጎማ ጎን አንብቢ። 21 የፊት ቸርኬ ያላቸው የስራ ሞተሮች ብዙዎቹ 2.75-21 ናቸው፣ ለምሳሌ ሆንዳ ኤክስኤል 125 ፊቱ እንዲህ ነው። ያንቺም እሱ ከሆነ በወረቀቱ ላይ እንዲህ ይስፈር፣ የሞተር ሳይክል የፊት ጎማ፣ ልክ 2.75-21፣ የክብደት ኮድ ከ45 የማያንስ፣ በካላማዳሪ የሚሰራ፣ ጥርሱ የተራራቀ ለጭቃና ለፒስታ የሚሆን፣ ከነ 21 ካላማዳሪው፣ የተመረተበት ጊዜ ከሁለት ዓመት ያልበለጠ። 45 ማለት 165 ኪሎ ነው። ፊት የሚለውን ቃልና ካላማዳሪውን እንዳትረሺ፣ እሱ ካልተጻፈ ርካሹ አሸናፊ ሆኖ የ18 ካላማዳሪ ይመጣል፣ እንደዛ ከተለጠጠ ደሞ የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ይፈነዳል።

ጥርሱ የተራራቀ ይሁን ያልኩት ለዋልካው ነው። ጥርሱ ተቀራርቦ ከሆነ ጭቃው መሃል መሃሉን ይሞላና ጎማው ልሙጥ ኳስ ይሆናል፣ ከዛ በኋላ አዲስ ሆነ አሮጌ ለውጥ የለውም። ሲራራቅ ግን በሽክርክሪቱ ጭቃውን ይጥለዋል። ጭቃ ላይ ንፋሱን ጥቂት ፒኤስአይ ዝቅ ማድረግ ይረዳል፣ ግን አታብዢው፣ ድንጋይ ሲመታው ካላማዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መሃል ይቀረጠፋል፣ ቸርኬውም ይጎብጣል። ለስብሰባ በሽሎን ተሻግረሽ ደሴ ስትወርጂ ወደ ልኩ መልሺው፣ አስፋልት ላይ ደሞ ኩርባውን ቀስ ብለሽ ያዢ፣ ጭቃ ላይ የተማመንሽበት ጎማ እዛ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ከወልድያ ነው፣ ሰላም ለናንተ። ጎማ ገዛሁ፣ ጎኑ ላይ 0817 ይላል፣ ሻጩ ይሄ የ2017 ምርት ነው ገና ትኩስ ነው አለኝ፣ ግን ጠርዙ ላይ ፀጉር ሚያህል መሰንጠቅ አየሁ። አዲስ ጎማ ይሰነጠቃል እንዴ?

መልስ፦ አይሰነጠቅም ወንድሜ፣ እሱ ጎማ አዲስ አይደለም። አራቱ ቁጥሮች የተመረተበት ሳምንትና ዓመት ናቸው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት የኋለኞቹ ዓመት፣ የሚቆጠረው ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 0817 የ2017 ስምንተኛ ሳምንት ነው፣ እነሱ የካቲት በሚሉት ወር መጨረሻ፣ በኛ የካቲት 2009 ማለት ነው። ስንት ክረምትና በጋ ሱቅ ውስጥ አሳልፏል። ሻጩ አውቆ ይሁን ሳያውቅ አልፈርድም፣ ግን በኛ አቆጣጠር ቁጥር የሚያትም የውጪ ጎማ ፋብሪካ የለም፣ የህንዱም የቻይናውም የጣልያኑም በፈረንጁ ነው። ስለዚ በኛ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ሰባት ወይ ስምንት ቀንስ።

ጎማ ባይነዳም ያረጃል። ፀሐይና ሙቀት ላስቲኩን ያደርቁታል፣ ደረቅ ላስቲክ ጥርሱ ሙሉ ቢሆን እንኳን ርጥብ መንገድ አይዝም። የጎማ አምራቾች ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ ባለሙያ ይየው ይላሉ፣ አስር ዓመት ከሞላው ደሞ ምንም ቢመስል ይጣል ይላሉ። መሰንጠቅ የጀመረውን ግን አስር ዓመት አትጠብቀው። ገና ካልገጠምከው ከነደረሰኙ ይዘህ ተመለስና በጨዋ ደንብ ቁጥሩን አሳየው፣ ወልድያ ነጋዴው ስሙን ይወዳል፣ ይቀይርልሃል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ለፊት ግን አትግጠመው።

ጥያቄ፦ ባቲ ነኝ፣ ቲኤል የሚል ጎማ አገኘሁ ልኩ ልክ ነው፣ ቸርኬዬ የሽቦ ነው። ካላማዳሪ ጨምሬ ልጠቀመው?

መልስ፦ ትችላለህ፣ የካላማዳሪው ልክ ትክክል ይሁን፣ ቸርኬው ውስጥ ሽቦውን የሚሸፍነው ላስቲክ መኖሩንም እይ። አንድ ነገር እወቅ፣ ካላማዳሪ ከገባበት በኋላ ቲኤል መሆኑ አይጠቅምህም፣ ምስማር ሲወጋው እንደማንኛውም ባንዴ ይተነፍሳል። የባቲ ሙቀት ላይ ጭነህ ምትሄድ ከሆነ ንፋሱ እንዳያንስ ቶሎ ቶሎ ለካው፣ ንፋስ ያነሰው ጎማ ነው ሚግለው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ መርሳ ነኝ፣ ሽማግሌ ሰው ነኝ። ልጄ የፊት ጎማ ካስቀየረ ወዲህ ሞተሩ መሪው ይንቀጠቀጥብኛል ይላል፣ በተለይ ፈጠን ሲል። ጎሚስታው መንገዱ ነው አለው። እኔ አላመንኩም። ምን ትለኛለህ?

መልስ፦ አባባ፣ አለማመንዎ ልክ ነው። ጎማው ከመቀየሩ በፊት በዛው መንገድ ካልተንቀጠቀጠ መንገዱ አይደለም። እስኪታይ ድረስ ልጅዎ ከቀስ በላይ እንዳይነዳት ይንገሩልኝ። ከዛ የፊት እግሯን ያንሱና ጎማውን በእጅ ያሽከርክሩት፣ አንድ እንጨት አጠገቡ ያስጠጉ፣ ጎማው ወደ ግራና ቀኝ ከዋለለ ወይ ከፍ ዝቅ ካለ ወይ ጎማው በደንብ አልተቀመጠም፣ ወይ ሲፈታ ቸርኬው በብረት ተጎንብሷል። ቀጥ ብሎ የሚዞር ከሆነ ደሞ ሲያቆም ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ወደ ታች እየመጣ ይቆም እንደሆነ ይዩ፣ ከሆነ እዛ ጋ ከብዷል ማለት ነው። ብዙ አዲስ ጎማ ላይ ቢጫ ነጥብ አለ፣ የጎማው ቀላል ቦታ ነው፣ ከቫልቩ አጠገብ ነው መሆን ያለበት። ተቃራኒው ጋ ከሆነ ተፈትቶ ይዙር። ሁለቱም ደህና ከሆኑ የፊት አክሰሉ ብሎን በደንብ መጥበቁንና ኩሽኔታው አለመላላቱን ያሳዩ፣ ጎማ ሲወጣና ሲገባ አብሮ የሚነካው እሱ ነው። ይሄን ሁሉ ለማየት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ ጎሚስታው እምቢ ካለ ሌላ ጋ ይውሰዱት።